ዝም ያለ ሁሉ ሞቷልን?

ድምፁ የጠፋ ባልንጀራ ሞቶ እንደሆነ፣ ወይስ በመካከል ያለው መንገድ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ብቻውን የቀረ ወገን ራሱን ብቻ በመመርመር ሊያውቅ ይችላልን? ጥያቄው የዕውቀትን ምንጭና ወሰን የሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ፣ ማለትም ሥነ ዕውቀት፣ ሲያነሣው የኖረ ነው፤ ሆኖም መልስ ሳይሰጡ ማለፍ የማይቻልበት፣ ስሕተቱም በሰኮንዶች ውስጥ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ይኸውም የዳታቤዝ ክላስተር በሚተከልባቸው የዩኒክስ ሰርቨሮች ዘንድ ነው። ክላስተር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰርቨሮች እንደ አንድ አካል ተባብረው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው አገልግሎቱን እንዲቀጥል የሚያደርግ አደረጃጀት ነው።

በኦራክል ክላስተር ውስጥ ኖድ የሚባሉት አባል ሰርቨሮች በጋራ ዲስኮች ላይ የተቀመጠን አንድ ዳታቤዝ ይጠቀማሉ፤ ለእነርሱ ብቻ በተዘረጋ የውስጥ ኔትወርክም በየሰኮንዱ «አለሁ» የሚል መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ይህም የልብ ትርታ ይባላል። ኔትወርኩ ቢቆረጥ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ እያንዳንዱ ሌላውን እንደ ሞተ ሊቈጥር፣ በጋራው መዝገብም ላይ በየፊናው ሊጽፍ ይችላል። 1,000 ብር ብቻ ካለበት ሒሳብ አንዱ ኖድ 1,000 ብር ወጪ ቢፈቅድ፣ ሌላውም ይህን ሳያውቅ እንዲሁ ቢፈቅድ፣ እያንዳንዱ ባየው ልክ ትክክል ሲሆን መዝገቡ ግን ሐሰት ይሆናል። ይህ አደጋ በሙያው ቋንቋ የአእምሮ መከፈል ይባላል።

ችግሩ በተሻለ ገመድ ብቻ የሚወገድ አይደለም። ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንችና ማይክል ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ መልእክት የሚዘገይበት ጊዜ ወሰን በሌለው ሥርዓት ውስጥ አንድ አባል እንኳ ሊወድቅ የሚችል ከሆነ፣ አባላቱን ሁልጊዜ ከስምምነት ለማድረስ ዋስትና የሚሰጥና በዕድል ላይ ያልተመሠረተ ስልት ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አረጋግጠዋል። ስለዚህ የኦራክል ክላስተር በተለመደው ቅንብሩ የጠፋን ድምፅ ለ30 ሰኮንድ ጠብቆ አባሉን እንደሌለ ሲቈጥር፣ በቀጠሮ ያልቀረበ ባለጉዳይ በሌለበት እንደሚፈረድበት ያለ ብያኔ ይሰጣል፤ ዳኛው ሰውየው ሞቷል አላለም፣ ነገሩ ግን እልባት ይሻል።

ብያኔው ምስክር ይፈልጋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 አንድ ምስክር ብቻውን ሰውን ለማስፈረድ እንዳይበቃ እንደሚደነግግ ሁሉ፣ ክላስተሩም የኖዱን የራሱን ቃል ብቻ አይቀበልም፤ ኖዶቹ መኖራቸውን የሚጽፉባቸው የድምፅ መስጫ ዲስኮች ተለይተው ይዘጋጃሉ፣ ቍጥራቸውም ጎዶሎ፣ ብዙ ጊዜ 3፣ ይሆናል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሆኑትን ማየት የተሳነው ኖድ በማኅበሩ ውስጥ አይቀጥልም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ብሂል በጉልበት ረገድ እውነት ቢሆንም፣ ሁለት እኩል ወገኖች ሲለያዩ የሚያስታርቃቸው ሦስተኛ ነው። ምስክሩም የማንም የግል ንብረት መሆን የለበትም፤ ኤአይኤክስ በተባለው የአይቢኤም ዩኒክስ የጋራ ዲስክ ሲዘጋጅ «ሪዘርቭ ፖሊሲ» የሚባለው ቅንብር «ኖ ሪዘርቭ» ካልተደረገ፣ ቀድሞ የከፈተው ሰርቨር ዲስኩን ለብቻው ይዞ ሌላውን ሊከለክል ይችላልና።

ሆኖም የብዙኃን ድምፅ አንድነትን እንጂ እውነትን አያረጋግጥም፤ ኖዶቹ ተስማምተው የተሳሳተ ቍጥር ቢጽፉ ክላስተሩ ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ይጠብቃል። ከዚህም በላይ ሥርዓቱ አባል ዝም ሊል ይችላል፣ አይዋሽም በሚል እምነት ላይ ቆሟል። ሌስሊ ላምፖርት፣ ሮበርት ሾስታክና ማርሻል ፒዝ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት፣ ፊርማ በሌለው መልእክት አንድን ዋሾ ለመቋቋም ቢያንስ 4 አባላት ያስፈልጋሉ፤ ዝም የሚልን አንድ አባል ለመቋቋም ግን 3 ይበቃሉ። ሐሰት ለማኅበር ከሞት ይልቅ ከባድ ዕዳ መሆኑ እዚህ ላይ በቍጥር ይታያል።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ራስን መግታት ነው፤ ምስክር ያጣ ኖድ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ የጀመረውን ጽሕፈት አቁሞ፣ ካስፈለገም ማሽኑን ዳግም አስነሥቶ፣ ከማኅበሩ ይወጣል። በራሱ ዓይን ምንም ጥፋት የሌለበት አካል ስለ ጋራው እውነት ሲል እንዲህ ማድረጉ ቅጣት ሊባል አይገባውም፤ የአባልነቱ ፍጻሜ ይህ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያም የሁለት ኖዶችን ተከላ ከማስረከቡ በፊት የውስጥ ኔትወርኩን ገመድ ሆን ብሎ ነቅሎ ይጠብቃል። ሁለቱም መጻፋቸውን ከቀጠሉ ሥራው ከሽፏል፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ አንዱ ወርዶ ሌላው ብቻውን ሲሠራ ቢገኝ ግን ተከላው ተሳክቷል፤ ገመዱ ሲመለስም የወረደው ኖድ፣ እርሱ በሌለበት የተጻፈውን አምኖ ተቀብሎ፣ እንደገና «አለሁ» ይላል።