ልጁን መች ነካሁት?

በእኛ በሸሕዲ ዐቢይ ጾም የሚገባው ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ነው። ብዙው ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ያድራል። ታዲያ በአንዱ ቤት ዱላ ሲነሣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ግን ነጠላ ተከናንቦ የተኛ የሚመስለው ልጅ ነው። አባት ሲጠየቅ «እሷን እንጂ ልጁን መች ነካሁት?» ይላል።

እውነት አልነካውምን? በ1990 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1998) በአሜሪካ የታተመ፣ ከ9,500 በላይ ጎልማሶች የተጠየቁበት ጥናት እናት ስትደበደብ ማየትን ከልጅነት መከራዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። እንዲህ ያሉት መከራዎች በተደራረቡበት ሰው ላይ ድባቴ፣ የመጠጥ ሱስና ራስን የማጥፋት ሙከራ በዝተው ተገኝተዋል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን «ጠባዩ ነው» ብለን እናልፈዋለን!

ሚስትን መምታት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 መሠረት ያስቀጣል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም አንደኛ ቆሮንቶስን ሲተረጉም፣ ጩኸቱን የሰማ ሰው ከቤቱ አውሬ የገባ ይመስል እየሮጠ እንደሚመጣ ይናገራል። እንግዲህ የሮጠው ሁሉ ወደየቤቱ ይመለሳል፤ ልጁ ግን እዚያው ያድራል።

በዚህ ዓይነት ቤት ያደግህ ወንድሜ፣ «አባቴም እንዲሁ ነበር» ማለትህ የሕመምህን ምንጭ ያሳየናል እንጂ ለእጅህ ፈቃድ አይሰጠውም። ሌሊት የምትባንን፣ በትንሹ የምትቆጣ ከሆንህ ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልምና ወደ ሁለቱም ሂድ። ሥጋና ወተት ትተህ ከንስሐ አባትህ ፊት ስትቆምም «ሚስቴን መታሁ» ብለህ አታብቃ፤ «ልጄም እየሰማ ነበር» በል።