ሃምሳ ሁለት መጻሕፍትና አንድ ዳዊት

ሰው ለራሱ የገባው ቃል ያስረዋልን? ለጎረቤቱ የገባውን ቃል ያጠፈ ሰው ጠያቂ አለው፤ ጠያቂውም ሲፈልግ ይምረዋል፣ ሳይፈልግ ሽማግሌ ይልክበታል። ለራሱ ቃል የገባ ሰው ግን ባለዕዳውም፣ ባለገንዘቡም፣ ዳኛውም እርሱው ነው። ሰኞ የማለውን ማክሰኞ “ትቼልሃለሁ” ብሎ ራሱን ቢያሰናብት ማን ይከሰዋል? አባቶቻችን ይህችን ቀዳዳ ሳያውቋት አልቀሩም። ስእለት ሲሳሉ ለራሳቸው አልተሳሉም፤ ለገብርኤል ወይም ለማርያም ተሳሉ፤ ሲሰምርም ጥላውን ወይም ሻማውን ይዘው በሕዝብ ፊት እልል አስባሉ። ምስክር የሌለው ስእለት ከምኞት እንደማይለይ ገብቷቸው ይሆናል።

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ በሳምንት አንድ መጽሐፍ አነባለሁ ብዬ ተነሣሁ። 52 ሳምንት፣ 52 መጽሐፍ። 52 ሳምንት 364 ቀን ነውና ለዕረፍት የምትተርፈኝ የጳጉሜን የመጨረሻዋ ቀን ብቻ ነበረች።

በሌላው ዓለም ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሰዎች ይምላሉ፣ ዝርዝራቸውንም ለወዳጆቻቸው ያሳያሉ። አዲስ አበባ ብሆን ኖሮ ለእኔም የሚያስደንቅ አልነበረም፤ አንዱ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ቢያጣው ሌላው ያገኝልኛል። ያለሁት ግን ሸኮ ነው። ሸኮ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፣ ዝናብ የማይሰለቸው የቡና አገር ነው። በየመጽሔቱ እየጻፈ የሚኖር ሰው መኖሪያውን የሚመርጥለት የቤት ኪራይ ነውና፣ ቡና የሚነግደው የእህቴ ባል ባዶ ክፍል አለኝ ሲለኝ ሁለት ጊዜ አላሰብኩም።

ይዤ የመጣሁት 17 መጽሐፍ ነበር። የቀረው በውሰት ነው፦ ከጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከሒሳብ አስተማሪ፣ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከሚማር ልጅ። የተዋሱት መጽሐፍ ከተገዛው ይለያል፤ የባለቤቱን ኑሮ አዝሎ ይመጣል። ከነርሷ በተዋስኩት ልብ ወለድ ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት ተቀርቅሮ አገኘሁ፤ ንባቧን እዚያ ገጽ ላይ አቁማ የወረደች ይመስላል። ቲኬቱን ከቦታው ሳላነሣ መለስኩላት። በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በፎቶ የተነሣ መጽሐፍም አለ፤ እውነቱን ለመናገር ለገጠር ከተማ አንባቢ ቤተ መጻሕፍቱ እርሱ ሆኗል። እኔ ግን በሕይወት ያለ ደራሲ የደከመበትን በዚህ መንገድ ላለማንበብ ወሰንኩ። ለራሴ የገባሁትን ቃል የሌላውን ሰው እንጀራ ነጥቄ ብፈጽመው፣ ቃሌ ከመጀመሪያውም የማን ነበር?

ቁጥር ያላቸው ነገሮች ጠባያቸው እንግዳ ነው። ሁለት ወር ያህል እንደቆየሁ ዓይኔ ከመጽሐፉ ርእስ አስቀድሞ ውፍረቱን መለካት ጀመረ። ሐሙስ ሲደርስ ስንት ገጽ እንደቀረኝ እቆጥራለሁ። አማርኛችን ራሱ በዚህ ነገር ላይ አንድ ቃል ይዞ ተቀምጧል፦ መጽሐፍ “ጨረስኩ” እንላለን፤ እንጀራውንም ጨረስኩ፣ ደመወዙንም ጨረስኩ እንላለን። ጨርሶ የተነሣ ሰው ሳህኑ ባዶ ነው። እርሱ ግን ጠግቧልን?

ጥቅምት ላይ ይህን እያሰብኩ የቡና ለቀማ አየሁ። ቡና በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እኩል አይቀላም፤ ቀዩ አጠገብ ቢጫው፣ ቢጫው አጠገብ አረንጓዴው ይሰለፋል። የራሱን ማሳ የሚለቅም ገበሬ ጊዜ ካገኘ አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስበታል፤ ቀዩን ብቻ ይወስድና ሌላውን ለፀሐዩና ለዝናቡ ይተዋል። በኪሎ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ግን መመላለስ አያዋጣውም። ቅርንጫፉን ይዞ ከላይ እስከ ታች ይሸመጥጠዋል፤ ቅጠሉም፣ ጥሬውም፣ ቀዩም አብሮ ቅርጫት ይገባል። ሚዛኑ ቀለም አያይም። ስለዚህ ደህና አሠሪ የሆነ ሰው ከመመዘኑ በፊት ቅርጫቱን ሸራ ላይ ያስገለብጥና ጥሬውን ያስለቅማል።

ይህን አይቶ በሠራተኛው መፍረድ ይቀላል። እኔ ግን በኪሎ ላይ መሳለቅ አይሆንልኝም። በኪሎ የሚከፈለው ሰው በጠዋት ተነሥቶ፣ ጭቃውን ረግጦ ማሳው ላይ የተገኘው በኪሎው ምክንያት ነው። ያለ ቁጥሩ እኔም ኅዳር ላይ፣ መብራት በሌለበት በዚያ ሁሉ ምሽት፣ ሻማ አብርቼ አንድም መጽሐፍ አልገልጥም ነበር። እንቅልፍ ይቀድመኝ ነበር። ቁጥር ከአልጋ ያስነሣል፤ ስለ ቀይና ስለ ጥሬ ግን አንድም ነገር አያውቅም።

የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ብዙ ደራሲ ከማዳረስ ጥቂቱን መላመድ ይሻላል ሲል መክሮ ነበር፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ያለ ሰው አሳዳሪ እንጂ ወዳጅ አያበዛም ባይ ነው። ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን ለጠገበ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። መደርደሪያው የሞላ ሮማዊ ባለጠጋ መምረጥ ይችላል፤ የተዋሰውን አንድ መጽሐፍ በቀጠሮ የሚመልስ ሰው ግን ያገኘውን ያነባል። የራበውን ሰው አታግበስብስ ማለት ለእኔ ጨዋነት አይመስለኝም።

ታዲያ ከሴኔካ ይልቅ የከነከኑኝ ጎረቤቴ ናቸው። በ1977 ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ ከሰፈሩት አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ልብ በሉ፤ ዳዊትን “አነበበ” አንልም፣ “ደገመ” ነው የምንለው። 150ው መዝሙር ለስድስት ዕለታት ተከፋፍሏል፤ ሰኞ የጀመረ ሰው ቅዳሜ ላይ መዝሙሩን ይፈጽማል፣ እሑድ የነቢያቱን ጸሎትና መኃልየ መኃልይን ያደርሳል፣ በነጋታው እንደገና “ሀ” ይላል። በሳምንት አንድ መጽሐፍ ማንበብን ከውጭ የመጣ ፋሽን ለሚያደርግ ሰው መልሱ ይኸው ነው፦ በዚህ አገር ይህን ለዘመናት ሲያደርጉ የኖሩ ሰዎች ሞልተዋል። ልዩነቱ መጽሐፉ አንድ መሆኑ ነው።

“ስንተኛው ላይ ደረስህ ልጄ?” አሉኝ አንድ ቀን።

“አሥራ ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ አባባ።”

“ጎበዝ! እኔማ ሃምሳ ዓመት ሆነኝ፣ አንዱን ገና አልለመድኩትም” ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ውስጥ ፌዝ አልነበረም። እኔ ግን ማታ ተኝቼም ተከራከርኳቸው። ዳዊት መድገም ጸሎት ነው፣ ንባብ አይደለም፤ ከመጽሐፉ አዲስ ወሬ አይጠብቁም፣ የሚጠብቁት ሌላ ነው። ደግሞስ አንዲት መጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ በዚያችው ሲመዝን አላየንም? ይህን ሁሉ ብዬም አንዲት ነገር አላሸንፍ አለችኝ። እርሳቸው ሲደግሙ መጽሐፉ አያልቅም። ለእኔ እሑድ ማታ ያልቃል፤ ሰኞ ጠዋት ስለ እርሱ ቢጠይቁኝ ከቁጥሩ ሌላ የምናገረው የሚያጥረኝ መጽሐፍ ነበር።

በመካከሉ ሌላ መንገድ መኖሩንም አገራችን ታውቃለች። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ታተመ፤ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በክፍል በክፍል ተረከው። ያን ወፍራም መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ጨርሼዋለሁ የሚል ሊኖር ይችላል። በሬዲዮ የሰማው ሕዝብ ግን ቀጣዩን ክፍል እየጠበቀ፣ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ዕጣ ከጎረቤቱ ጋር እየተከራከረ ነው የሰነበተበት። ከሰሚዎቹ መካከል ፊደል ያልቆጠሩ ብዙዎች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች መጽሐፉን አላነበቡትም ለማለት ድፍረቱ ያለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ሆኜ ነው ያልጠበቅሁት ጥያቄ የመጣብኝ። የእህቴ ባል ዘንድ ቡና የሚመዝን አንድ የሸኮ ተወላጅ ወጣት አለ። ዝርዝሬን የምጽፍበትን ደብተር አገላበጠና፣ “ጋሼ፣ ከሃምሳ ሁለቱ ውስጥ በእኛ ቋንቋ የተጻፈ ስንት አለህ?” አለኝ። አንድም የለኝም። ከእኔ ስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ የጎረቤቶቹ የካፋና የሞቻ ቋንቋ ገብቶበታል፤ ሸኮ ከአሥራ አምስቱ አልነበረም። ስለ ሸኮ ቋንቋ የማውቀው ወፍራም መጽሐፍ አን-ክሪስቲ ሄለንታል የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረበችው የሰዋስው ጥናት ነው፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ በሳምንት አንድ መጽሐፍ ብዬ ስምል፣ ዙሪያዬን ከሚነገረው ቋንቋ አንዲት ቃል ላላነብ አብሬ ምያለሁ ማለት ነው።

ከጥምቀት በኋላ ወጣቱ አያቱ ቤት ወሰደኝ። ሦስት ምሽት ተቀመጥን። ሽማግሌው በሸኮኛ ይናገራሉ፣ ልጁ ያስተረጉማል። ቀፎ ስለሚሰቀልባቸው ዛፎች፣ የትኛው ዛፍ የማን እንደሆነ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የትኛው አበባ የትኛውን ማር እንደሚሰጥ ነገሩኝ። በመካከሉ ልጁ ያቆምና “ይህን በአማርኛ አላውቀውም” ይላል፤ አንዳንዴም “ይህን በእኛም አላውቀውም፣ ቆይ ልጠይቃቸው” ይላል። በዚያ ሳምንት ሌላ አንድም ገጽ አላነበብኩም።

ይህ መጽሐፍ ነው ወይስ አይደለም? ነው ብል፣ ባለዕዳው ለራሱ ዕዳ ቀነሰ ማለት ነው፤ ዛሬ የአያትን ወግ የቆጠረ፣ ነገ የቡና ቤት ጨዋታ መቁጠሩ አይቀርም። አይደለም ብል ደግሞ፣ ማተሚያ ቤት ያልደረሰለት ሁሉ እውቀት አይደለም ብዬ ፈረድኩ። ከሁለቱም በላይ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ወጉ የእኔ አይደለምና በእኔ ቁጥር ውስጥ ልጨምረው መብቱ አልታየኝም።

ደብተሬ ላይ በ20ኛው ሳምንት ትይዩ ቀኑን ብቻ ጽፌ ርእሱን ባዶ ተውኩት። ሌሎቹ 51 መስመሮች ሞልተዋል፤ ጳጉሜንም አልፏል። ወጣቱ በበኩሉ በቡና መመዘኛ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ አያቱ የነገሩንን የዛፎች ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ ጀምሯል። ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ የሚለወጠውን ቃል በምን ምልክት እንደሚለየው ገና አልቆረጠም። እስካሁን ሁለት ገጽ ሆኖለታል።