ሳያውቁ የበደሉት

«አላወቅሁም ነበር» ብሎ ራስን መከላከል የተለመደ ነው። ግን ቃሉ እውነት ሲሆንስ ከዕዳ ነጻ ያወጣል ወይ? ወዳጄ፣ እስቲ ይህን በአንድ ሐይቅ ደለል እንየው።

በስዊዘርላንድ ተራሮች፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኦበራር የሚባል በግድብ የተሠራ ሐይቅ አለ። ከበላዩ የበረዶ ግግር ተኝቷል፤ እርሻም ፋብሪካም አጠገቡ የለም። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ደለሉን ንብርብሩን ሳያፈርሱ በቧንቧ አውጥተው፣ በየዓመቱ የተጠራቀመውን እንደ መዝገብ አነበቡት። በውስጡ ዲዲቲና መሰል ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች ተገኙ። ቆላ ላይ የተረጨ መድኃኒት በሙቀት ይተናል፣ በነፋስ ይጓዛል፣ ብርድ ሲያገኘው ከበረዶ ጋር ይወርዳል።

መጠኑ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከፍ ይላል፤ ክልከላው ሲመጣ ይወርዳል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን እንደገና ወጣ! ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ግግሩ እየቀለጠ፣ አያቶች የረጩትን ለልጅ ልጆች እየመለሰ ነው።

ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 ያገኘው ፓውል ሙለር የዚያው አገር ሰው ነው። በ1948 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በሕክምና ዘርፍ ነበር፤ ዱቄቱ ታይፈስንና ወባን ተዋግቷልና። በእኛም አገር ቆላ፣ በየቤቱ ግድግዳ የተረጨው ዲዲቲ ሕፃናትን ከወባ አትርፏል።

ታዲያ ሙለርን ክፉ እንበለው? እኔ አልልም። ሆኖም ክፉ አለማሰብና ዕዳ አለመኖር አንድ አይደሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ሳያውቅ ለበደለ ሰው እንኳ፣ በደሉን ባወቀ ጊዜ መሥዋዕት እንዲያቀርብ ያዝዛል። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ ሕጉ ይከብደናል። እኔ ግን ፍትሕ አይበታለሁ፤ የሰውየውን ቅንነት ሳይክድ፣ የተበላሸውን እንዳልተበላሸ አይቆጥርም።

የሚያስጨንቀኝ የእኛ ነገር ነው። የረጩት ሰዎች በእርግጥ አላወቁም ነበር። ግግሩን የሚያቀልጠው ሙቀት ግን ከምናቃጥለው ነዳጅ እንደሚመጣ እኛ እናውቃለን፤ በትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታልም። የአያቶቻችን ምክንያት ለእኛ አይሠራም።

ማወቅ ደግሞ ምርጫን ቀላል አያደርግም። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ሲገድብ፣ እንደ ወባ ያሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል እንዲውል ፈቅዷል። የተስማሙት አገሮች ጉዳቱን አውቀው፣ በወባ የሚሞተውንም ሕፃን አስበው ነው የፈረሙት።