ዝግጅቱ የማያልቅ ሰው

ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ 30 ዓመት ያለፈው ሰው በየጠዋቱ ወደ አንድ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ሸሚዝ መቆለፍ፣ እጅ መታጠብ፣ ብር መለየት፣ ዶቃ መሰካት ይማራል። አምናም ይህንኑ ሲማር ነበር፤ ካቻምናም። እጠይቃለሁ፦ ይህ ሰው የሚማረው ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ጥያቄውን የሚያጎላው ቀላል ሒሳብ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ጉዳዩ የልጆች ጉዳይ ነበር። በዚያ ዓመት የ8 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ 30 አልፎታል፤ ጢም አውጥቷል። ለልጅ የተሰጠ መልስ ለጎልማሳ ይበቃል ወይ?

የተለመደው መልስ "ራሱን እንዲችል" የሚል ነው። መልካም መልስ ይመስላል። መልካም መምሰሉ ግን እውነት መሆኑን አያሳይም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ራስን መቻል ምንድን ነው?

ለኑሮ የሚያስፈልገውን ሁሉ በገዛ እጅ መሥራት ነው ካልን፣ ራሱን የቻለ ሰው በአገር ላይ አይገኝም። እኔ ጤፍ አላመርትም፤ ቧንቧ ሲፈነዳብኝ ባለሙያ እጠራለሁ። 40 ዓመት ሙሉ ሽሮ እንኳ ሠርቶ የማያውቅ አባወራ ሞልቶናል፤ ማንም "ራሱን አልቻለም" ብሎ ስልጠና አላስገባውም። (ቢያስገባው ባልከፋ።)

"አባወራው እኮ ቀለብ ይሰፍራል" የሚል ይነሣል። ይህ ጠንካራ መቃወሚያ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ከችሎታ ወደ ገንዘብ አዛወረው። አባወራው የተከበረው ሽሮ ስለሚሠራ ሳይሆን የሚሠራለት ሰው ስላለው ነው። እንግዲያው ራስን መቻል ሰውን አለመፈለግ አይደለም፤ የሚፈልጉትን ሰው ማግኘት መቻል ነው። ሁላችንም ተደግፈን ነው የቆምነው። የእኛ ድጋፍ ስለተለመደ አይታይም፤ የእርሱ ግን ስሙ "ጉድለት" ሆኖ በፋይል ይጻፋል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። ችሎታ የት ነው የሚኖረው? በሰውየው ውስጥ ብቻ ነው ወይ?

ብርን በመልኩና በቀለሙ ለይቶ ዳቦ መግዛት የቻለ ሰው እናስብ። ይህን ለመማር ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል እንበል። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ለወጠ፤ የ200 ብር ኖትም ጨመረ። ሰውየው የነበረው ችሎታ ብሩ ሲለወጥ ከእጁ ወጣ። በእርሱ አእምሮ ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ስለዚህ ችሎታው በእርሱና በብሩ መካከል ነበር እንጂ በእርሱ ውስጥ ብቻ አልነበረም። ያን ሰሞን እኛስ አዲሱን ኖት እያገላበጥን አልነበረም ወይ? እኛን ግን ማንም "ብር አይለዩም" አላለንም፤ እስክንለምደው ታገሡን።

ከዚህ ተነሥቼ እላለሁ፦ "ይህ ሰው ይችላል ወይስ አይችልም?" የሚለው ጥያቄ አጉል ጥያቄ ነው። "በየት ቦታ፣ በማን አጠገብ፣ በምን መንገድ ይችላል?" ነው መባል ያለበት።

ቡና ማፍላትን እንውሰድ። "ቡና አፍላ" ማለት አፍ ላይ ቀላል ነው፤ ውስጡ ግን መልቀም አለ፣ ማጠብ አለ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ውሃ መጣድ፣ ሲገነፍል እሳቱን መቀነስ፣ ማስከን፣ ሳይደፈርስ መቅዳት አለ። ከዚህ ሁሉ ሰው የሚሰናከለው መቁላቱ ላይ ነው። ቡና የሚደርሰው በሰዓት ስላልሆነ ቀለሙን ማየት፣ ሽታውን መለየት ይጠይቃል። "እስኪደርስ ቁላ" የሚል አሰልጣኝ ምንም አላስተማረም፤ የራሱን ዕውቀት በአንድ ቃል ሸፍኖ አለፈ። በደንብ የተቆላ ጥቂት ፍሬ በስኒ አድርጎ ከብረት ምጣዱ አጠገብ ያስቀመጠና "ይህን ሲመስል አውጣ" ያለ ግን አስተማረ። ተማሪው ያው ሰው ነው። የተጨመረው አንዲት ስኒ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማርክ ጎልድ የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ ምንም አይማሩም የተባሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች 15 ክፍሎች ያሉት የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተምሯል። ነገሩ፣ ተማሪው ካልተማረ የማስተማሪያው መንገድ ይቀየር የሚል ነበር።

"በየትኛውም መንገድ የማይማርስ?" እባላለሁ። አለ። መዋሸት አልፈልግም። ስኒ ቢቀመጥለትም የማይቆላ፣ ብር ከቶ የማይቆጥር ሰው አለ። ኋላ ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ የሙግቴ ፈተና እርሱ ነውና።

በቅድሚያ ግን የሚማረውን ልከተል። ተማረ። ከዚያስ ወዴት ይሄዳል? በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኛ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሠሪ በጉዳቱ ምክንያት እንዳያገልለው፣ የሥራ ቦታውንም እንዲያመቻችለት ያዛል። ማዕከሉ ደግሞ "ገና አልተዘጋጀም" ይላል። ሕጉ በር ከፈተ፤ ዝግጅቱ በሩ ላይ ተቀመጠ። ነገር ግን ከመግባቱ በፊት ሥራ ያወቀ ማን አለ? የጋራዥ ልጅ መካኒክ የሚሆነው ቁልፍ እያቀበለ ነው። ጋራዥ እንዲገባ መጀመሪያ ሞተር አውርድ ያለው የለም። ይህንን ቅድመ ሁኔታ የምናስቀምጠው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ታክሲ መሳፈርን ክፍል ውስጥ ወንበር ደርድሮ መለማመድም እንዲሁ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግፊያ የለም፣ መልስ የሚያጉላላ ረዳት የለም፣ መንገድ የቀየረ ሾፌር የለም። የተማረው ወንበር ላይ መቀመጥን ነው።

"ውጭ ብታወጣው ይታለላል፣ ይሰደባል፣ የሚቀጥረውም የለም" ይሉኛል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚያሳየው ዝግጅት የጎደለው ገበያው፣ መንገዱና አሠሪው መሆኑን ነው። ታዲያ በየቀኑ የሚሰለጥነው ለምን እርሱ ብቻ ሆነ? አሰልጣኙ ከአንድ ካፌ ሠራተኞች ጋር አብሮ ቢውል፣ ስኒዋን እዚያው ወጥ ቤት ቢያስቀምጣት፣ ሁለቱም ወገን ይማራል። ቀስ እያለም አሰልጣኙ ይወጣል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሰው የሚያፍርበት እዚህ ላይ ነው። በማዕከሉ የተሠራው ሻማ፣ የተሰካው ዶቃ ባዛር ላይ ይሸጣል። ዋጋው የማን ነው? "ስልጠና ነው" ከተባለ፣ ስልጠና ማለቂያ አለው፤ አሥር ዓመት ያንኑ ዶቃ የሚሰካ ሰው ሰልጣኝ አይደለም። "ሥራ ነው" ከተባለ፣ ሥራ ደመወዝ አለው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የሥራ ሕግ አሠሪ ፈቃድ አውጥቶ ለአካል ጉዳተኛ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንዲከፍል ፈቀደ። ጉዳት የሌለበት ሠራተኛ በሰዓት የሚሠራው ይለካል፤ የሌላው ሰው ክፍያ በዚያ ልክ ይቆረጣል። ከአሜሪካ ግዛቶች ቬርሞንት አካል ጉዳተኞች በዚህ መልክ የሚሠሩበትን የመጨረሻ ወርክሾፗን እ.ኤ.አ. በ2002 ዘጋች። ሜሪላንድም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ መሠረት በ2020 አሠራሩን አስቀረች። የልኬቱን ስሕተት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቢሮ ከማንም ያነሰ የሚሠራ ጤነኛ ሰው አናውቅም ወይ? ሰዓት ይዞ አጠገቡ የቆመ፣ ደመወዙንም የቆረጠበት አለ?

"ደመወዝ ይከፈል ካልክ ማዕከሉ ይዘጋል፤ እናትየዋስ ምን ይውጣት?" ይህን መቃወሚያ ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ። ማዕከሉ ሲከፈት እናት ሥራ ትገባለች፤ ሲዘጋ ቤት ትውላለች። ከዚህ የምረዳው ማዕከሉ ሌላም ዓላማ እንዳለው ነው፤ ውሎ ነው። ሰው የሚውልበት ደኅና ቦታ መስጠት ክቡር ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲሰጥ ይላል። ታዲያ ውሎውን ውሎ ብለን፣ ለውሎነቱ በጀት እንጠይቅ። ዶቃው ሥራም ስልጠናም ካልሆነ ጨዋታ ይሁን፤ ያልወደደው አይስካው።

አሁን ወዳቆየሁት ሰው እመለሳለሁ። ለማይማረው ሰው "ራሱን እንዲችል" የሚለው መልስ ምንም አይሰጠውም። የማዕከሉ ምክንያት ችሎታ ብቻ ከሆነ እርሱ ከምክንያቱ ውጭ ወደቀ። ነገር ግን ወላጅ ሁሉ በልቡ የያዘው ጥያቄ "እኔ ስሞትስ?" የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ሸሚዝ መቆለፍ መልስ አይሆንም። እናቱ የሞተችበትን ሰው የሚያኖረው ስሙን የሚጠራ፣ ሲያመው በፊቱ የሚለይ፣ የሚወደውን ወጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ለ20 ዓመት በአንድ ግቢ ውስጥ ያዋለው ፕሮግራም ሲያልቅ ሰውየው ግቢውን እንጂ ሰፈሩን አያውቅም፤ ሰፈሩም አያውቀውም። በዕድር መዝገብ በገዛ ስሙ ተጽፎ፣ ድንኳን ሲተከል ወንበር የሚያወጣ ሰው ግን የሚፈልገው አለ። ወንበር ማውጣት ካልቻለ እንኳ መጥቶ ይቀመጥ፤ የቀረ ቀን "የት ሄደ?" ይባላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በስልጠናው ዝርዝር ውስጥ "አልፈልግም" ማለት የት አለ? ጎልማሳን ጎልማሳ የሚያደርገው እሺ ማለቱ ብቻ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ለታዘዘው ሁሉ እሺ እንዲል የተማረ ሰው ክፉ ያሰበበትንም እሺ ይላል። "ታዲያ ሁሉን እምቢ ካለ ምን እናደርጋለን?" እባላለሁ። ሁሉን እምቢ ካለ የቀረበለትን ሁሉ ጠልቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ይቅረብለት። ጥርስ መቦረሽን የመሰለ ሊቀር የማይችል ነገር ሲሆን ደግሞ፣ የብሩሹን ዓይነትና ሰዓቱን እርሱ ይምረጥ። የማይናገረውስ? የዶቃውን ሳህን በእጁ ይገፋል። አሰልጣኙ ይህን "የጠባይ ችግር" ብሎ ይመዘግባል። እኔ ግን መልስ ነው እላለሁ፤ ሳህኑን ያቀረበው ሰው ጥያቄ ጠይቆ ነበርና። ስለዚህ ማዕከሎች መዝገባቸውን ይግለጡ፤ "የጠባይ ችግር" ተብሎ የተጻፈውን አንድ በአንድ እያነሡ ያን ቀን ለሰውየው ምን ቀርቦለት እንደነበር ከጎኑ ይጻፉ። ይህን ለማድረግ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።