ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት

ልጄ፣ ትራክተርህ በእርሻ መሀል ሞቆ መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ መካኒክ ልጥራ ብለህ ስልክህን አታውጣ። መጀመሪያ ማረሻውን ከመሬት አንሳና ሞተሩን ያለ ጭነት በቀስታ ለጥቂት ደቂቃ አዙረው፤ ውኃው እየዞረ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። የቬንትሌተሩ ቺንጋ ከተበጠሰ ወይም ውኃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፋ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትከፍት፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ያኔ ያልነበረ ብልሽት በገዛ እጅህ አመጣህ ማለት ነው።

ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው ሜዳ ለሞተር ከባድ ነው። ዋልካው ሲረጥብ ይይዛል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። በመኸር ደግሞ ሩዙና ጤፉ ሲወቃ እብቁ በራዲያተሩ ክንፎች መሀል ይሰገሰጋል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ሞተሩን አጥፍተህ የእጅ ባትሪህን ከኋላ አብራና በፊት በኩል ተመልከት፤ ብርሃኑ ካላለፈ አየሩም አያልፍም። ከበረደ በኋላ ከቬንትሌተሩ በኩል ወደ ፊት በለዘብታ ውኃ እጠበው፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል። ቺንጋውንም በአውራ ጣትህ ጫነው፤ ከአንድ ሳንቲ ተኩል በላይ ከገባ ላልቷል። ክረምት ላይ ከጉማራ ወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውኃ ራዲያተር ውስጥ አይግባ። ጭቃው ከታች ይቀመጣል፤ የተጣራ የዝናብ ውኃ ይሻላል፣ ኩላንት ካገኘህ ደግሞ እሱን አስቀድም።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚበላውን ነገር ልንገርህ፤ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። እኛ ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ እዚህ በ94 አካባቢ ይፈላል። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ 91 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ደኅና ክዳን ግፊቱን አምቆ ውኃው ከ100 በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊት አይይዝም፤ ስለዚህ ቆላ ላይ ምንም የማይለው ሞተር እዚህ ከፍታው አገር ላይ ውኃውን እያፈላ ይተፋል። ሰው እንፋሎቱን አይቶ «ሞተሩ ሞቷል» ይላል፤ የጎደለው ግን አንድ ክዳን ነው። ሲገዛም ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አይተህ ግዛ።

ይህን ሁሉ አይተህ ካልተሻለው መካኒክ ጥራ። መጥቶ ምንም ሳይነካ «ጉርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይፈታ» ካለህ፣ ማለትም በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ ተበላሽቷልና ራሱ ይነሣ ካለህ፣ አትቆጣው፤ «ወንድሜ፣ በምን አወቅኸው?» በለው። መልስ ያለው ሰው ያሳይሃል። ቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል፤ ወይ የዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ይታያል፤ ወይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ አያቋርጥም፤ ወይ ውጭ ጠብታ ሳይኖር ውኃው በየቀኑ ይጎድላል። ከእነዚህ አንዱንም ሊያሳይህ ካልቻለ ቴስታታው አይፈታ።

«ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» የሚልህንም አትስማው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለብ ብሎ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል፤ በአንዳንዱ ሞተር እንዲያውም ውኃው ራዲያተሩን ዘሎ ስለሚዞር ሙቀቱ ይብሳል። ከተጠራጠርክ አውጣውና በድስት ውኃ ውስጥ በክር አንጠልጥለህ እሳት ላይ ጣደው። 82 የተጻፈበት ከሆነ ውኃው ሳይፈላ መከፈት መጀመር አለበት። ካልተከፈተ አዲስ ግዛ።

መካኒኩን ሌባ ነው አልልህም። ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት ከአንድ ጌታ ሥር ሆነው፣ ያለ መለኪያ፣ በጆሮና በእጅ ነው። እኛ ባለንብረቶቹም እርሻው እንዳያልፍብን «ዛሬውኑ ይነሣልኝ» እያልን እናጣድፋቸዋለን፤ የተጣደፈ ሰው ይገምታል። በዚያ ላይ የምንከፍለው ሲፈታ ብቻ ነው። ለመፍታት ብቻ የሚከፈለው ሰው ቢፈታ ምን ይገርማል? ስለዚህ ለምርመራው ለብቻው ክፈለው፤ ምንም ሳይፈታ ቢሄድ እንኳ ክፈለው። ይህን ያደረገ ገበሬ እውነቱን የሚነግረው መካኒክ ያፈራል፣ እኔ በዚህ አጥብቄ አምናለሁ። ሁለት ዕቃ በአንድ ቀን አታስቀይር፤ ያዳነው የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለህ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀበል።

ምልክቱ ታይቶ ቴስታታው መፈታት ካለበት፣ ሲፈታ አጠገቡ ቁም። ጉርኒሲዮኑን ተቀብለህ ገልብጠህ እየው፤ እሳቱ ያለፈበት ቦታ የጠቆረ መንገድ ይኖረዋል። ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስጋድመው፤ ከሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ጠሟል፤ አዲስ ጉርኒሲዮን ብቻ አልብሶ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው፣ መጀመሪያ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል። ስንጥቅ እንዳለውም እንዲፈትሹት ንገራቸው። ሲመለስ ቡሎኖቹ በግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ፣ ከመሀል ወደ ዳር በተራ ይጠበቁ። መካኒኩ ቁልፉ ከሌለው ካለው ሰው እስኪዋስ ድረስ ትራክተሩ አንድ ቀን ይቁም።