የተሰወረው ኮከብ እና ምስክሩ

«በዓይኑ ያላየውን አለ ብሎ የሚያምን ሰው ተላላ ነው» የሚለው አነጋገር በአንዳንድ ወጣቶቻችን ዘንድ የአዋቂነት ምልክት ሆኖ ሲነገር እሰማለሁ። ውድ አንባብያን፣ ይህ አባባል ሳይንስን ተገን ያደርጋልና በራሱ በሳይንስ እንመዝነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ በሚገኘው የፓርክስ ራዲዮ ቴሌስኮፕ አማካይነት እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተገኙ። ኒውትሮን ኮከብ ማለት ግዙፍ ኮከብ ፈንድቶ ሲያልቅ የሚቀረው እምብርት ነው። ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን የእነዚህ የሁለቱ ክብደት ግን ለየብቻቸው እንኳ ከፀሐይ ይበልጣል። አንድ ዙር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላቸውም። አንደኛው በሴኮንድ 44 ጊዜ ይሾራል፤ ሌላው አንዴ ለመሾር 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ሲሾሩ የራዲዮ ጨረር ይረጫሉ፤ ጨረሩ ወደ ምድር በዞረ ቁጥር እንደ ልብ ምት ያለ ምልክት ይደርሰናል። ፐልሳር የተባሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

በማርች 2008 የዝግተኛው ምት ጠፋ። ሊቃውንቱ ታዲያ «ኮከቡ የለም» አሉን? አላሉም። ዘንጉ በዓመት 5 ዲግሪ ያህል አቅጣጫውን ስለሚለውጥ ጨረሩ እኛን ስቶ ማለፍ ጀመረ እንጂ ኮከቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ምስክሩም ጓደኛው ነው። ፈጣኑ በየዙሩ ከዝግተኛው ጀርባ ሲያልፍ ምቱ ለ30 ሴኮንድ ያህል ይጋረዳል፤ ጋራጁ ከተሰወረ በኋላም ግርዶሹ አልቀረም። እንዲያውም በደቡብ አፍሪካው ሚርካት ቴሌስኮፕ ይህንኑ ግርዶሽ እየለኩ የተሰወረው ኮከብ ዘንግ እንዴት እንደሚዞር አውቀዋል። ያልታየው በጥላው ተለካ! እንግዲህ «አላየሁትም» የሚለው ቃል የሚነግረን ተመልካቹ የቆመበትን ቦታ ነው። ስለ ነገሩ መኖር አለመኖር ለመፍረድ ሌላ ማስረጃ ያሻል።

በሌላ በኩል ደግሞ ይህን የመሰለ ግኝት በሰሙ ቁጥር «ሳይንስ ገይብን አረጋገጠልን» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ከእነዚህም ጋር አልስማማም። ያ ኮከብ ተጋረደብን እንጂ መሣሪያ የማይደርስበት አይደለም። የጥንዱ ምህዋር በቀን 7 ሚሊ ሜትር ያህል እየጠበበ መሆኑ ሳይቀር ተለክቷል፤ ከ85 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ እንደሚላተሙም ተሰልቷል። የገይብ ነገር እንዲህ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነውን? በተለይ የሚያሳስበኝ በሱረቱ አጥ-ጧሪቅ የተወሳው ኮከብ ፐልሳር ነው እየተባለ በእርግጠኝነት መነገሩ ነው። ፐልሳር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የቀደሙት ሙፈሲሮች ጧሪቅን በሌሊት ብቅ የሚል ኮከብ ብለው አብራርተውታል። ታዲያ ከእነርሱ ዘመን አንስቶ እስከዚያ ዓመት ድረስ ሱራውን በሶላታቸው ሲቀሩ የኖሩት ሁሉ ሳይረዱት ኖሩ ልንል ነው?