ዓሣዋ የረሳችው

በደርግ ዘመን ተሰደው ለንደን የገቡ ኢትዮጵያውያን ዛሬ አርጅተዋል። ብሪክስተን ውስጥ ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸሻቸው በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ነው። ሻይ ላመጣችላቸው ተንከባካቢ በአማርኛ ይመልሳሉ፤ ልጃቸውን በእህታቸው ስም ይጠራሉ፤ ኤሌክትሪክ አቬኑ ገበያ መሀል ቆመው የመርካቶን መንገድ ይጠይቃሉ።

ይህን በሽታ ለመረዳት ሳይንስ ከመረጣቸው ፍጡራን አንዷ ዓሣ ናት። ዜብራፊሽ ትባላለች፤ ከአውራ ጣት የማትረዝም፣ ባለ መስመር፣ የደቡብ እስያ ተወላጅ። ኪንግስ ኮሌጅንና ዩሲኤልን የመሳሰሉ የለንደን ዩኒቨርሲቲዎች ለምርምር ያረቧታል። በ2013 የታተመው የጂኖም ጥናት ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በእሷ ውስጥ አቻ እንዳላቸው አሳይቷል።

አንዱ ሙከራ እንዲህ ነው። ዓሣዋ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ በሆነ ገንዳ ውስጥ ትገባለች። ወደምትወደው ጨለማ ስትሻገር ትነዘራለች ወይም እንድትደነግጥ ይደረጋል። በማግሥቱ በሩ ላይ ታመነታለች፤ አስታውሳለች ማለት ነው። ስኮፖላሚን የተሰጣት ግን ሳታመነታ ትገባለች። ስኮፖላሚን አሴቲልኮሊን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሥራ ያግዳል። ለሕሙማን የሚታዘዘው ዶኔፔዚል ደግሞ ያንኑ መልእክተኛ ቶሎ እንዳይበተን ያደርጋል።

ስኮፖላሚን ለአገር ቤት ሰው ባዳ አይደለም፤ አስተናግር ውስጥ አለ። አንዳንድ የአብነት ተማሪዎችና ደብተሮች አእምሮ ይከፍታል ብለው ከዚሁ ተክል የሚዘጋጀውን አብሾ ሲጠጡ ኖረዋል። ያው ንጥረ ነገር እዚያ ለመያዝ፣ እዚህ ለማስረሳት! ልዩነቱ ተማሪው ፈልጎ መጠጣቱ ነው። (ያበደም አለ ይባላል።)

የዓሣዋ መርሳት ግን ከእናትየው መርሳት ምን ያህል ይገናኛል? መድኃኒቱ ሲለቃት ዓሣዋ ትመለሳለች፤ እሳቸው አይመለሱም። የዜብራፊሽ አንጎል የተጎዱ ሕዋሳቱን መልሶ ማብቀል ይችላል፤ የሰው በዚያ መጠን አይችልም። ሁለተኛ ቋንቋ የላትምና የምታጣው እንግሊዝኛ፣ የምትሸሸግበት አማርኛም የላትም። ከሁሉ የሚከብደው ፍርሃቱ ነው። የመርሳት ሕመምተኛ ነገሩን ረስቶ ስሜቱ ሊቀርበት ይችላል፤ ለምን እንዳዘነ ሳያውቅ ያዝናል። የሙከራው ሰዓት መቁጠሪያ ዓሣዋ መግባቷን ይመዘግባል፤ ምን እየተሰማት እንደገባች አይመዘግብም።

እዚህ ላይ ክርክሩ በሁለት አፍ ይናገራል። የጥናቱ መግቢያ አንጎሏ የእኛን ይመስላል ይላል፤ ስለ ሥነ ምግባር ሲጠየቅ ግን ከአይጥ ይልቅ በዓሣ መሞከር ይሻላል ይባላል። ካልመሰለችን ሙከራው ስለ እናትየው የሚነግረን ጥቂት ነው። ከመሰለችን የነዘርነው የሚፈራና የሚያስታውስ ፍጡር ነው። አማርኛ ተናጋሪው ለዚህ ማመንታት እንግዳ አይደለም፤ በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ሙግት ገና አላለቀም። ብሪክስተን ገበያ በረዶ ላይ የተደረደሩትን ዓሦችማ ምን ታስታውሱ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የእንግሊዝ ሕግ ከሁለቱም አፍ ጥቂት ጥቂት ወስዷል። የ1986ቱ የእንስሳት ሙከራ ሕግ ዜብራፊሽን የሚጠብቀው ራሷን መመገብ ከቻለች ጀምሮ፣ ማለትም እንቁላሉ በዳበረ በ5 ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሚሰጠው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። እናትየው በጥናት ይሳተፉ ቢባልና መስማማት ባይችሉ፣ በ2005ቱ የአእምሮ ብቃት ሕግ መሠረት ቀርቦ የሚያውቃቸው ሰው ይፈለጋል፤ ጤነኛ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። በእናቷ እህት ስም የምትጠራው ልጅ ትመልሳለች። ስለ ዓሣዋ ይህ ጥያቄ በማመልከቻው ላይ ቦታ የለውም።